ለጸጉር ቤቴ ያስገባሁት ሶላር ከጀነሬተር ይሻላል ወይ? (ደሴ)

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጸጉር ቤት አለኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ "ሶላሩ እንዴት ነው" እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ያስገባሁት አንድ 550 ዋት ፓኔል፣ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ እና 1 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ሃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) ነው። ዋጋ አልጽፍም፣ ከሐምሌ 2016 የብር ጉድ ወዲህ ዛሬ የነገሩህ ዋጋ ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል፣ ደውላችሁ ጠይቁ።

ደንበኛ ግማሽ ጸጉሩ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቶ በስልክ መብራት ጀነሬተር ልታስነሳ ገመድ ስትጎትት የነበረው ነገር ቀርቷል። ሁለት ቶንዶስ፣ አራት አምፖል፣ 32 ኢንች ቲቪ እና ዋይፋዩ አንድ ላይ ሲሰሩ ኢንቨርተሩ 130 ዋት አካባቢ ነው የሚያሳየው፣ ባትሪው ከሞላ ፀሐይ ባይኖርም ሰባት ስምንት ሰዓት ይይዛል። ለዚህች 130 ዋት ነው እንግዲህ ያ ጀነሬተር በር ላይ ሲጮህ ሲያጨስ የሚውለው፣ ትንሽ ተጠቀምክ ብዙ ሞተሩ መዞሩ ስለማይቀር ቤንዚኑን ይጠጣል፣ ቤንዚኑ ደግሞ በጀሪካን አይቀዳልህም ተብለህ ትመለስና በሃይላንድ ከሚሸጡት ትገዛለህ፣ ምን እንደቀላቀሉበት እነሱና አላህ ናቸው የሚያውቁት።

ታዳሽ ሃይል ነዳጅን ይወዳደራል ወይ እያሉ የሚከራከሩ ደንበኞች አሉኝ። የኛ አገር ለየት ይላል እኮ፣ መስመር ላይ ያለው መብራት ራሱ ከ90 ከመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው፣ ህዳሴም 5,150 ሜጋ ዋቱን ይዞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ነዳጅ እኛ ሱቅ የሚገባው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚጠፋው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ወይ ገመድ ተበጥሶ ነው፣ ግድቡ ምን ያድርግ። ስለዚህ የኔ ሶላር የሚወዳደረው ከጅቡቲ በቦቴ ከሚመጣው ቤንዚን ጋር ነው፣ እዚያ ላይ አሸንፏል ወላሂ።

አሁን ቅሬታዬ። የገጠሙልኝ ልጆች ፓኔሉን ከጎረቤት ሮቶ አጠገብ ሰቅለውት ሄዱ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩን ቁጭ ብዬ ሳየው 380 ዋት ያስገባ የነበረው የሮቶው ጥላ የፓኔሉን ጥግ ሲነካ 90 ገባ፣ ጥላው የያዘው ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም! ሶላር እንደዚህ ነው፣ ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ ትንሽ ጥላ የብዙውን ምርት ይጎትታል። መጥታችሁ አንሱልኝ ብዬ ደውዬ ደውዬ መጨረሻ ላይ የሌላ ሰው መሰላል ለምኜ በሌላ ባለሙያ አስነሳሁት። ሱቁን ስሙን አልጠራም ግን ሽያጭ ላይ ያለው ፈገግታ ከሽያጭ በኋላ የለም።

ሌላው፣ ኢንቨርተር ስትገዙ "ፒዩር ሳይን ነው ወይ" በሉ፣ ማለትም የሚያወጣው ሃይል እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ነው ወይ። ርካሹ ላይ ቶንዶሱ ይጮሃል፣ ይግላል፣ እድሜውም ያጥራል።

የደሴ ብርድ ለፓኔል ጥሩ ነው፣ ፓኔል ሙቀት አይወድም፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በየዲግሪው ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ሐምሌና ነሐሴ ግን የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ቀኑን ሙሉ ባትሪው ግማሽ እንኳ የማይደርስበት ጊዜ አለ፣ ያኔ መብራት ሲመጣ ከመስመር ነው የምሞላው፣ ጀነሬተሩንም ለዚሁ ብዬ አልሸጥኩትም።

የሚያሞቅ ነገር ላይ አትሞክሩት። ሴቶች ጸጉር ቤት ያላችሁ ካስክና ውሃ ማሞቂያ በዚህ መጠን አይታሰብም፣ ኢንቨርተሩ ጢጥ ብሎ ይጠፋል። ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ያለው ጓደኛዬም የኔን አይቶ ጓጉቶ ነበር፣ የብየዳ ማሽኑ የሚስበውን ስናሰላ ፓኔሉ ጣሪያውን ሞልቶ የባትሪው ዋጋ ብቻ ማሽኑን ደጋግሞ ይገዛል፣ እሱ አሁንም በናፍጣ ነው፣ አልፈርድበትም። የፓኔል ዋጋ በዓለም ገበያ ከፈረንጆቹ 2010 ወዲህ ከ80 ከመቶ በላይ ወርዷል፣ እሱን የሚያስቸግረው ባትሪው ነው።

ለዕቃው ከ5 4 ኮከብ፣ ለገጠማው 2። ለወንዶች ጸጉር ቤት፣ ለሞባይል ጥገና፣ ለልብስ ስፌት (ካውያውን ሳይጨምር) ግዙት፣ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ገጣሚውን ጣሪያው ላይ አውጡትና ጠዋትና ከሰዓት ጥላው የት እንደሚያርፍ ያሳያችሁ።