ጎላንግ፦ ደሴ ሆኜ ሦስት ዓመት ሠርቼበት

ከምጽፍባቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ጎላንግ ነው የምለው። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ እኔን የያዘኝ ግን እሱ አይደለም። የሠራሁበት ፕሮግራም በፍላሽ ተይዞ መሄዱ ነው።

በፊት በፓይዘን ነበር የምሠራው። ኮምቦልቻ ለአንድ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ ሠራሁ፣ ቤቴ ላፕቶፔ ላይ ምንም አይልም፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሱቁ ስደርስ ግን መጀመሪያ ፓይዘኑን ራሱን መጫን፣ ከዚያ ላይብረሪዎቹን፣ ማለት ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸውን ሌሎች የሠሯቸውን ኮዶች፣ አንድ በአንድ ማውረድ፣ መሀል ላይ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ እሱ ሲመለስ መብራት ይሄዳል። ቀኑ እንዲሁ አለቀ። ያንኑ ሥራ በጎላንግ እንደገና ጻፍኩት። ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለት የጻፍኩት ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፋይል ሲቀየር፣ የሚያስፈልገው ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይገባል። የኔ ላፕቶፕ ሊኑክስ ነው፣ የሱቁ ዊንዶውስ፤ ቢሆንም የዊንዶውሱን እዚሁ ደሴ ቁጭ ብዬ አወጣሁት። ወሰድኩ፣ ከፈትኩ፣ ሠራ። ባለሱቁ «ልጄ፣ ይሄው ነው? ሌላ የምትጭነው የለም?» አሉኝ። የለም ሐጂ።

አማርኛም አያስቸግረውም። ኮምፒውተር የአማርኛንም የሌላውንም ቋንቋ ፊደል የሚያስቀምጥበትን ስልት፣ ዩቲኤፍ-8ን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የነደፉት ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው፤ ጎላንግንም ከሮበርት ግሪስመር ጋር ሆነው የፈጠሩት እነሱው ናቸው። ብቻ ልብ በሉ፣ የ«ደሴ»ን ርዝመት ብትጠይቁት 6 ይላችኋል፣ የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይት (ኮምፒውተር መረጃ የሚለካበትን) ነዋ፣ አንዱ ፊደላችን ደግሞ 3 ባይት ይይዛል። ፊደል ለመቁጠር መጀመሪያ ወደ ሩን (ጎላንግ አንዱን ፊደል እንደ አንድ ወደሚይዝበት ዓይነት) ቀይሩት። የደንበኛ ስም ፍለጋው ላይም ተቸግሬ ነበር፤ እኛ አገር ሐሰን የሌለበት መዝገብ የለም፣ አንዱ በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሃሌታው ሀ። አብሮት በሚመጣው የጽሑፍ መተኪያ ሁሉንም ወደ አንድ መለስኩና ተገላገልኩ።

የማልወድለት አለ። ኢረር (ስህተት) መጣ አልመጣ እያልክ በየመስመሩ መፈተሽ ያሰለቻል። ግን የሱቁ ዲስክ ሞልቶ መዝገቡ አልጻፍ ያለ ቀን ፕሮግራሙ በዝምታ አላለፈውም፣ ወዲያው ነገራቸው፣ ከዚያ ወዲህ አላማርርም። የሚከፋው ሌላ ነው፦ ጎላንግ ከ1.21 እትሙ ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን ትቶታል። እኔ የምሄድባቸው ሱቆች ደግሞ ገና ዊንዶውስ 7 ላይ ናቸው። ለነሱ ስሠራ በ1.20 ነው። የ1.20ን መጫኛ ፋይል አስቀምጬዋለሁ፤ ደሴ ያላችሁ የምትፈልጉ ካላችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ።