ፓርታጋስ ዲ 4፦ አንዱ ጣና ዳር፣ አንዱ ጓሮዬ

የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ሦስት ሲጋር ይዞልኝ መጣ። ሲጋራ አላልኩም፣ ሲጋር፤ በትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለው ወፍራሙ። የኩባው ፓርታጋስ ሴሪ ዲ ቁጥር 4። ባሕር ዳር ሱቅ ገብታችሁ ሲጋር ብትሉ ልጁ የሚዘረጋላችሁ የሲጋራ ፓኮ ነው። እናም እንዲህ ያለ ነገር እጄ ሲገባ ዝም ብዬ አልለኮስኩትም፣ አገላብጬ አየሁት።

ርዝመቱ 124 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የላይኛው ቅጠል ጠይም ነው፣ ቅባት የነካው ይመስላል፣ መጋጠሚያውን በጥፍሬ ካልፈለግኩት በዓይን አይለይም። ከእግሩ እስከ ራሱ በሁለት ጣት ጫን ጫን እያደረግኩ ሄድኩ። የሚሰረጉድ ቦታ የለም፣ የደነደነ ቋጠሮም የለም። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ውስጡ ያለው በእጅ እየታጠፈ የተጠቀለለ ሙሉ ቅጠል ስለሆነ አንድ ቦታ ከታጨቀ ጢስ አያሳልፍም፣ ከሳሳ ደግሞ እሳቱ ይጋልባል።

መቁረጫ የለኝም። ጫፉን በአዲስ ምላጭ ገሸለጥኩት። ሳልለኩሰው ስስበው አዲስ ኮርቻ፣ አዲስ ኮርቻ አለኝ። እንጅባራ ፈረሰኞቹ አጠገብ የቆመ ሰው ያውቀዋል።

የመጀመሪያውን ያጨስኩት በመጣ በሳምንቱ ጣና ዳር፣ ሜዳ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ወዲህ ካፌና ሆቴል ውስጥ ክልክል ነው፣ ከበርም 10 ሜትር መራቅ አለ። ነፋሱ ሰባት ክብሪት አስፈጀኝ። ስኳር የሌለው የዘጌ ቡና በፔርሙስ ይዣለሁ።

መጀመሪያ ላይ ቁንዶ በርበሬ ነው። ምላስ ላይ ብዙም አይታወቅም፣ ጢሱን በአፍንጫ ስታወጡት ግን ያቃጥላል። (ሲጋር ወደ ሳንባ አይሳብም፣ አፍ ውስጥ ዞሮ ይወጣል። ኒኮቲኑ ግን በአፍም ይገባል፤ እኔ ቁርስ ሳልበላ ጀምሬው ራሴን አዞረኝ።) ሲሶው ካለቀ በኋላ በርበሬው በረደና ዝናብ የመታው አፈር መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ወይራ የታጠነ እንስራ። እውነቴን ነው! እናቴ ጠላ ልትጠነስስ ስትል እንስራውን ወይራ ጢስ ላይ ትደፋው የለ፣ ያ ሽታ። ከቡናው ጋር ሲገናኝማ ሃያ ደቂቃ ያህል ሰው ቢጠራኝም የምሰማ አይመስለኝም።

መጨረሻው ከበደኝ። ሊጌሮ የሚሉት ቅጠል አለ፣ ከተክሉ አናት የሚለቀም፣ ፀሐይ የጠገበ፣ ጉልበቱም ከሌላው የሚበልጥ። እሱ ነው መሰለኝ ወደ ማብቂያው ጌሾ የበዛበት ጠላ ያደረገው። ሁለት ጣት ሲቀር ተውኩት። አመዱ ግን ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይረግፍ ቆሞልኛል። አንዴ በአንድ ወገን ብቻ ነዶ ነበር፣ የሐይቁ ነፋስ ነው፣ ወዲያው ራሱ ተስተካከለ። 50 ደቂቃ ቆየ። ለአሠራሩ ከ10 9፣ ለጣዕሙ 8። ጌሾዋ ናት ያስቀነሰችው።

ሁለተኛውን እኔው ነኝ የገደልኩት። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ በዚያ የበጋ ድርቅ ከጥር እስከ መጋቢት ቁምሳጥን ውስጥ ረሳሁት። ምላጩ ሲያርፍበት የላይኛው ቅጠል እንደ ደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሰነጠቀ። ጓሮ ቁጭ ብዬ ለኮስኩት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ወይራው የለ፣ አፈሩ የለ፤ ትኩሳትና ቁንዶ በርበሬ ብቻ። ያው ሳጥን፣ ያው ሲጋር እኮ ነው! ጎረቤቴ እማማ በአጥር በኩል ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ምን እየነደደ ነው?»

«ሲጋር ነው እማማ።»

«ትምባሆ በለኛ!» ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ገቡ።

ሦስተኛው አሁን ክዳን ያለው የምግብ ፕላስቲክ ውስጥ ነው፣ ጥግ ላይ እርጥብ ስፖንጅ አለ፣ ሲጋሩን እንዳይነካው በቡና ስኒ ከልዬዋለሁ። ሻጋታ እንዳይዘው በየሁለት ቀኑ ከፍቼ አናፍሰዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው። ትናንት ጫን ሳደርገው መንኮሻኮሹን ትቷል፣ እግሩ አካባቢ ግን ገና ነው።