ሬዲዮ ወይስ ስማርት ስልክ? ለአምቡላንስ ባለሙያ የቱ ይበጃል?

አደጋ ቦታ ላይ ጓንት ባጠለቀ እጅ ስክሪን መነካካት ያስቸግራል። በእጅ ሬዲዮ ግን አንድ ቁልፍ ተጭኖ መናገር ነው፤ በቻናሉ ላይ ያለ ሁሉ እኩል ይሰማል። ትልቅ አደጋ ሲደርስ ሁሉም ስልኩን ስለሚያነሳ ኔትወርክ ይጨናነቃል። ሬዲዮ ደግሞ የኔትወርክ ማማ ቢወድቅም በቅርብ ርቀት በቀጥታ ያገናኛል። ችግሩ፣ ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ መልእክቱ ይበላሻል። ሌላ ሰውም ሊያዳምጥ ስለሚችል የታካሚ ስም ባይጠራበት ይመረጣል።

ስልክ የሚበልጠው መረጃ በመላክ ነው። የባለ 12 ሊድ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ከ12 አቅጣጫ የሚመዘግብ ምርመራ) ውጤት ከመንገድ ላይ ሲላክ፣ የተዘጋ የልብ ደም ሥር የሚከፍተው ቡድን ታካሚው ሳይደርስ ይዘጋጃል። ይህ ሕይወት ያተርፋል።

ሁለቱም ቢኖሩ ደስ ይለኛል። አንዱን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ ግን ሬዲዮውን አልለቅም።