የጠፋውን መመለስ ወይስ ያለውን ማትረፍ?

የጠፋ እንስሳ በክሎኒንግ፣ ማለትም ከሴሉ ተመሳሳዩን በማስገኘት፣ ይመለሳል? አንዴ ተሞክሯል። ቡካርዶ የስፔን ተራሮች የዱር ፍየል ነበር፤ የዋልያችን ዘመድ። የመጨረሻዋ በ2000 እ.ኤ.አ. ዛፍ ወድቆባት ሞተች። በሕይወት ሳለች ከጆሮዋ ሴል ተወስዶ ነበር። ተመራማሪዎች ከሴሉ ፅንስ ሠርተው በሌሎች ፍየሎች ማህፀን አሳደጉት። በ2003 አንዲት ግልገል ተወለደች፤ ግን ሳንባዋ ጤነኛ ስላልነበረ በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ብትተርፍስ? የተቀመጠው ሴል የሴት ብቻ ነው። ወንዱ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው መንገድ ገና ያልጠፋውን መደገፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለ ጥቁር እግር ፌሬት የሚባል ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ አለ። የዛሬዎቹ በሙሉ የ7 እንስሳት ዘር ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ይህ ለበሽታ ያጋልጣል። ዊላ የተባለች ፌሬት ሴል ግን ከ1988 ጀምሮ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ቆይቷል። ዊላ ከሰባቱ ውስጥ አይደለችም። ከሴሏ በ2020 ኤልዛቤት አን የተባለች ፌሬት በክሎኒንግ ተወለደች። ከዚያው ሴል የተገኘችው አንቶኒያ ደግሞ በ2024 ራሷ ወለደች! የጠፋ ደም ወደ መንጋው ተመለሰ ማለት ነው።

እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። እዚህ ወንድ አለ፣ መኖሪያ ሜዳ አለ፣ የሚቀላቀሉት መንጋ አለ። ቡካርዶ ግን ወንድም መንጋም አልነበረውም።