የመመረቂያ ፊልማችንን ኤዲቲንግ ላስተማሩን ባለሙያ ምስጋና፣ ለፈላጊዎችም ጥቆማ

የዘንድሮውን የመመረቂያ ፊልማችንን ስንሠራ ኤዲቲንግን ከመሠረቱ ላስተማሩን፣ አራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሚሠሩ አንጋፋ ኤዲተር በቡድናችን ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጠቅሰውም፤ እኛ «ጋሼ» ስለምንላቸው በዚሁ ልቀጥል። የመመረቂያ ፊልም ይዘው የሚያስተምራቸው ሰው የሚፈልጉ ተማሪዎች በየዓመቱ እንደሚኖሩ ስለማውቅ፣ ምን እንደሚያስተምሩና እንዴት እንደሚያስተምሩ ጭምር እጽፋለሁ።

ጋሼ የሚያስተምሩት ተማሪው ራሱ ቀርጾ ባመጣው ፉቴጅ ላይ ነው። ለልምምድ ተብሎ የተዘጋጀ የሌላ ሰው ክሊፕ አይሰጡም፤ ማውሱንም ከተማሪው እጅ አይወስዱም። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ስለማይወዱ የሠራነው በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ቅጂ ነው፤ የሚከፈልባቸውን ኢፌክቶች እስካልነካን ድረስ ቪዲዮው ላይ ምልክት ስለማያትም ለተማሪ ፊልም ይበቃል። የተማሪ ላፕቶፕ ከባድ ፋይል ሲጫንበት ምን እንደሚሆን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ በቅድሚያ ያሠሩን ፕሮክሲ ነው፤ ማለትም የእያንዳንዱን ክሊፕ ቀለል ያለ ቅጂ አዘጋጅቶ ቆረጣውን በእሱ ላይ መሥራት፣ ያለቀው ፊልም ወደ አንድ ፋይል ሲወጣ (ኤክስፖርት ሲደረግ) ደግሞ ሶፍትዌሩን ወደ ዋናው ፋይል መመለስ።

ቀረጻችን ከፊሉ በካሜራ፣ ከፊሉ በስልክ ነበር። ስልኮች በሰከንድ የሚቀርጹትን የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት እንደ ሁኔታው ከፍ ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ ለብቻው ከተቀዳ ድምፅ ጋር ሲገጣጠሙ መጀመሪያ ላይ የተስማማው የከንፈር እንቅስቃሴና ድምፅ ክሊፑ እየረዘመ ሲሄድ ይለያያል። ጋሼ ምክንያቱን በወረቀት ላይ እየሣሉ ካስረዱን በኋላ፣ የስልኩን ክሊፖች በሙሉ ሃንድብሬክ በተባለ ነጻ ሶፍትዌር ከካሜራው ጋር እንዲስማሙ በሰከንድ ወደ ቋሚ 25 ፍሬም አስቀየሩን። ለወደፊት ቀረጻም የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ የሚሠራ በመሆኑ፣ 25 ፍሬምን ከ1/50 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን ከሚቀበልበት ጊዜ) ጋር መጠቀም በአምፖል ብርሃን ሥር የሚታየውን መርገብገብ እንደሚያስቀር ነግረውናል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ስለ ድምፅ ባስተማሩን ነው። ፊልማችን ውስጥ አከራይዋ የቤት ኪራይ ልትጠይቅ መጥታ ተከራይ ከሆነችው ልጅ ጋር በር ላይ የምትነጋገርበት ትዕይንት አለ። በመጀመሪያው ቅንብር አከራይዋ ስትናገር አከራይዋ፣ ልጅቷ ስትመልስ ልጅቷ ትታይ ነበር። ጋሼ ስክሪኑን አጥፍተው ድምፁን ብቻ አሰሙን፤ ቀጥሎ ድምፁን ዘግተው ምስሉን ብቻ አሳዩን። ከዚያም የአከራይዋ የቁልፍ ድምፅ ልጅቷ ገና ልብስ እያጠፈች ሳለ ቀድሞ እንዲሰማ፣ አከራይዋ «ወሩ እኮ አለቀ» እያለች ሳለም ንግግሯ ሳይቋረጥ ምስሉ ወደ ልጅቷ እንዲያልፍ አስደረጉን። አሁን በዚያ ቦታ ላይ ልጅቷ አጥፋ ያስቀመጠችውን ሻርፕ መልሳ ዘርግታ እንደገና ስታጥፈው ይታያል፤ ተዋናይቷ ያለ ማንም ትእዛዝ ያደረገችው ነገር ነው፣ ለእኔም ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ኤዲተሮች ጄ ከት (ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ ሲገባ) እና ኤል ከት (ምስሉ ካለፈ በኋላ ድምፁ ሲቀጥል) የሚሏቸው እነዚህ ሁለት አቆራረጦች እንደሆኑ የነገሩን ከሠራናቸው በኋላ ነበር። በንግግሮቹ መካከል ድምፁ ድንገት እንዳይሞት፣ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ ለብቻው እንድንቀዳም ወደ ቀረጻው ቤት መልሰው ልከውናል።

ልጅቷ ከእናቷ ጋር በስልክ የምታወራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ያስፈልገን ነበር። ትርጉሙ የተተየበው ዩኒኮድ (በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት የሆነ የፊደላት መለያ ሥርዓት) ባልሆነ የቆየ የግዕዝ ፎንት ስለነበር፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ ሲገባ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆኖ ወጣ። ጋሼ በዩኒኮድ እንደገና አስተይበው፣ ፋይሉን ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ ማስቀመጫ ዓይነት አስቀምጠን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ነጻ ፎንት እንድንጠቀም አደረጉ። የዩቲዩብ ትምህርቶች በብዙ ነገር ጠቅመውናል፤ ስለ ግዕዝ ፊደል ግን የውጭ አገር አስተማሪ ምን ያውቃል?

ጋሼ ለሁሉም ሰው ይስማማሉ አልልም። የምስሉ ቆረጣ ሳይጠናቀቅ ስለ ከለር (ስለ ምስሉ ቀለም ማስተካከል) የሚያነሳ ተማሪን ይቆጣሉ፤ ለአጫጭር የቲክቶክ ቪዲዮዎች የሚሆን ኢፌክት መማር የሚፈልግ ሰውም ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል። ሰዓት ማርፈድ ፈጽሞ አይወዱም። በአንጻሩ ቡድን ሆኖ ለሚመጣ የሚያስከፍሉት የአንድ ሰው ሒሳብ ነው፤ እሱንም በሁለት ጊዜ ይቀበላሉ።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የፊልሙን ርዝመትና በምን እንደተቀረጸ ከገለጻችሁልኝ ለእሳቸው አስተላልፌ አገናኛችኋለሁ። ፉቴጁን በሃርድ ዲስክ፣ ሌላ ቅጂውንም ቤት አስቀርታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለዚያ ሥራ አይጀምሩም። ኑሯቸውን የሚገፉት በሠርግ ቪዲዮ በመሆኑ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ፋታ ስለማይኖራቸው፣ ቀጠሮ ከእነዚህ ጊዜያት ቀደም ብሎ መያዝ ይሻላል።