ካሴት ወደ ፍላሽ ማስገልበጥ በሐዋሳ፦ ምስሉ ደህና፣ ድምፁ ግን ይፈተሽ

ሐዋሳ ውስጥ የቆየ የሠርግ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ ቪዲዮ ቤቶች ምስሉን በጥሩ ሁኔታ ያወጡታል። የእኛ አገር ካሴት ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓት የተቀረጸ ስለሆነ ትክክለኛው ልኩ 720 በ576 ፒክስል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። «ፉል ኤችዲ እናደርገዋለን» ቢሏችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ፤ ቪኤችኤስ (የድሮው የቪዲዮ ካሴት) ያልያዘውን ዝርዝር መቀየሩ አያመጣውም፣ ፋይሉን ብቻ ያሳብጠዋል። ጨፋሪዎች ሲንቀሳቀሱ ጠርዛቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከታየ ኢንተርሌሱ (ምስሉ አንድ እየዘለሉ በሚሠሩ መስመሮች ለሁለት ተከፍሎ መቀረጹ) አልተፈታም ማለት ነው፤ ዲኢንተርሌስ አስደርጉት፣ ማለትም ሁለቱ ግማሾች ወደ ሙሉ ምስል ይቀየሩ።

ዋናው ችግር ድምፁ ላይ ነው። ሳምፕል ሬት ማለት ድምፁ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ነው፤ ለቪዲዮ 48,000፣ ለሙዚቃ ሲዲ 44,100። ሁለቱ ከተምታቱ ንግግሩ ከከንፈር እየራቀ ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ነው። ስለዚህ ስትረከቡ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ክፈቱ። እልልታው የሚቀልጥበትንም ስሙት፦ ድምፁ ከ0 ዴሲቤል (ዲጂታል ቅጂ መያዝ ከሚችለው የድምፅ ጣሪያ) አልፎ ከተቆረጠ ይሰነጠቃል፣ በኋላ በኤዲቲንግ በደንብ አይመለስም። ካሴቱ እንደገና ዝቅ ባለ ድምፅ ይገልበጥ።

ፍላሹ በፋት32 (ፍላሽ ፋይሎችን የሚያስቀምጥበት የቆየ ስልት) ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ አስቀድማችሁ ትልልቅ ፋይል ወደሚቀበለው ኤክስፋት ቀይሩት።