ጎጆ ለሚወጣ ሰው ድስት፦ ገልብጣችሁ እዩት

ለአዲስ ጎጆ ዕቃ ሊገዛ መርካቶ የወረደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በካርቶን በታሸገው ሙሉ ስብስብ ላይ ነው። ካርቶኑ 12 ፍሬ ይላል፤ ሲከፈት ግን 6 ድስትና 6 ክዳን ነው። ከስድስቱ በየቀኑ እሳት ላይ የሚወጡት ሁለት ቢሆኑ ነው፤ የቀሩት ተደራርበው ቁም ሣጥን ይሞላሉ። ገንዘቡን በአንድ ወፍራም ድስት፣ በአንድ የብረት መጥበሻና በአንድ ፕሬዠር ላይ ማዋል ይሻላል ባይ ነን።

ነጋዴው ክዳኑንና የሚያብረቀርቀውን እጀታ ያሳያችኋል፤ እናንተ ገልብጣችሁ ቂጡን እዩ። የእኛ ወጥ ድስትን የሚፈትነው ገና ከጅምሩ ነው፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ለረጅም ሰዓት ይቁላላል። ውሃው እየጠፋ ሲሄድ የሽንኩርቱ ስኳር ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ስስ ስቲል ድስት ከሆነ ያኔ የምድጃው ሽቦ ባለበት ልክ ክብ ጥቁር ምልክት ይወጣል፤ ቁሌቱ አንዱ ጋ ጥሬ፣ ሌላው ጋ ያረረ ይሆናል። ስቲል ሙቀት ማስተላለፍ ላይ ደካማ ነው፤ የአልሙኒየምን አንድ አስረኛ እንኳ አያስተላልፍም። ጥሩ ድስት ይህን የሚያካክሰው ከታቹ በሁለት ስቲሎች መካከል ወፍራም የአልሙኒየም ሳህን ስለተከተተበት ነው።

ያ ሳህን ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ከጎን ሲታይ እንደ ቀለበት ወጣ ብሎ ይታያል። እስከ ድስቱ ጠርዝ መድረሱንም በጣት ዳስሱ። ሳህኑ ከድስቱ ሲያንስ በተለይ ጋዝ ላይ እሳቱ ከሳህኑ አልፎ ግድግዳውን ይመታል፤ ወጡም ዙሪያውን ያርራል። ማስመሪያ በመቀመጫው ላይ አጋድሙና በሥሩ ብርሃን ታያላችሁ ወይ እዩ። መሃሉ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ቢገባ ችግር የለውም፣ ሲሞቅ ይስተካከላል። ወደ ውጭ ያበጠ ከሆነ ግን ምድጃው ላይ ይሽከረከራል፤ እሱን ተዉት።

ሌላው የተለመደ ፈተና ማግኔት ነው፤ ግማሽ እውነት አለው። ማግኔት ግድግዳውን አጥብቆ ከያዘ ኒኬል የሌለበት ስቲል ነው፣ ከጨውና ከውሃ ጋር ቶሎ ይዝጋል። ካልያዘ ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ 304 የሚባለው ጥሩው የስቲል ዓይነትም፣ ርካሹ 201ም ማግኔት አይስባቸውም። ስለዚህ 304 የሚለው ቁጥር ወይም 18/10 (18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው) ከታቹ ተቀርጾ ቢገኝ ይመረጣል። ኢንዳክሽን ምድጃ (ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቅ) ያለው ሰው ደግሞ መፈተን ያለበት ግድግዳውን ሳይሆን መቀመጫውን ነው፤ እዚያ ማግኔቱ መያዝ አለበት።

መጠኑስ? የ24 ሳንቲ ሜትር ወርድና የ14 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ድስት 6 ሊትር ያህል ይይዛል። ሁለት ኪሎ የተከተፈ ሽንኩርት ግማሹን ሞልቶ ለማማሰያው ቦታ ይተርፋል፣ ለአንድ ዶሮም ይበቃል። ጆሮው በነጥብ ብየዳ ብቻ የተያዘ ከሆነ ወጥ የሞላ ድስት ሲነሳ የሚላቀቀው እሱ ነው፤ በሪቬት፣ ማለትም አልፎ በተመታ የብረት ችንካር የተያዘውን ምረጡ።

“ግራናይት” እየተባለ የሚሸጠው ከድንጋይ ጋር ዝምድና የለውም። ውስጡ አልሙኒየም ነው፤ ላዩ ብዙ ጊዜ የተነጠበጠበ ቴፍሎን ነው። ለእንቁላል ግሩም ነው። በባዶው ኃይለኛ እሳት ላይ ከተረሳ ግን ሙቀቱ 260 ዲግሪ ሲያልፍ ሽፋኑ መበላሸት ይጀምራል፤ ጥብስ የሚፈልገው እሳት ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የብረት ማንኪያ ሲጨመርበት ዕድሜው ያጥራል።

ለጥብስ ወፍራም የብረት መጥበሻ ይሁን፣ 26 ሳንቲ ሜትር። እንደ ምጣድ ይሟሻል፦ ታጥቦ እሳት ላይ ይደርቃል፣ ዘይት በጨርቅ እጅግ ስስ ተደርጎ ይቀባል፣ እስኪጨስ ይሞቃል፣ ይበርዳል። ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገም። ዘይቱ ከበዛ ጥቁር ሆኖ በመድረቅ ፈንታ ያጣብቃል። ቲማቲም የበዛበት ስልስ ማሟሺያውን ስለሚልጠው እሱን ወደ ስቲሉ።

ከውድቅዳቂ ብረት ቀልጦ የተሠራውን አልሙኒየም ድስት ግን ለወጥ አንመክርም። ከሚቀልጠው መሃል የመኪና ራዲያተርና የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ ሊኖር ይችላል፤ ከዚያ ሊድ የሚባለው እርሳስ ምግብ ውስጥ ይገባል። ለዓይን አይታይም፣ በማጠብም አይለቅም፣ ቲማቲምና ሎሚ ደግሞ የበለጠ ያወጡታል። ሕፃን ያለበት ቤት ይህን ድስት ጨርሶ አያስገባ።

ስቲሉ ቢያርር በሽቦ አትፈትጉት። ሁለት ጣት ውሃና ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ ለ15 ደቂቃ አፍሉት፣ ሲበርድ በእንጨት ማንኪያ ይለቃል። የጋለ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን መቀመጫውን ያጣምማል፣ ሳህኑንም ሊያላቅቀው ይችላል። ጨው በቀዝቃዛ ውሃ ላይ አይጨመር፤ ታች ተቀምጦ ስቲሉን ነጠብጣብ ያደርገዋል። ውሃው ከፈላ በኋላ ይሁን።

ፕሬዠር አዲስ አበባ ላይ ቅንጦት አይደለም። በከተማዋ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሽምብራና ቅልጥም አልበስል ብለው ከሰል የሚያስጨርሱት ለዚህ ነው። ፕሬዠር እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከዚያ በላይ ያወጣዋል። ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላ፣ ጥራጥሬ ከሆነ ከግማሹ አይለፍ፤ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ይደፍናል። ስትገዙ ለዚያው ሞዴል የሚሆን መለዋወጫ ጎማ መኖሩን ጠይቁ፣ ካለም አንድ ጨምራችሁ ውሰዱ። መጀመሪያ የሚያልቀው ጎማው ነው፤ ሲደርቅ እንፋሎቱ በጎን እያመለጠ ፉጨቱ ይጠፋል።